እልል ተብሎ የተጣለ ክኒን

እሑድ፥ ኅዳር 21። ከቅዳሴ መልስ።

ሌሊቱን ለሚያነጋ፥ ቀኑንም ለሚያስመሽ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። በእርሱ ስም ለአንቺም ሰላም ይሁንሽ፥ ማስታወሻዬ ሆይ።

ጉልበቴ ዛሬም አልታዘዘኝም፤ ቅዳሴውን በመቋሚያ ተደግፌ ፈጸምሁ። ከጭላሎ ተራራ ወደ አሰላችን የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ስመለስ ወተት ገዛሁ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ነገር ግን አራስ በጾም አትያዝም። ለልጄ ነው።

ትርሲት አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑን ይዛዋለች፥ ፊቱን ግን አታይም። እግሩን ብቻ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ትነካለች። እግሩ ምንም አልጎደለውምና።

ስለዚህ ሕፃን እስከ ዛሬ ልጽፍልሽ እጄ እምቢ ብሎ ነበር። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ተወለደ፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጄ። መልኩ የእናቴ መልክ ነው። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ፥ የራስ ቅሉ ሳይገጥም በቀረበት በኩል፥ የአንጎሉ ሽፋን ወጥቶ እንደ ትንሽ ከረጢት ተንጠልጥሏል። በማኅፀን ሳለ የመጣ ጉድለት ነው አሉ ሐኪሞቹ። በአርባ ቀኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እነርሱም አያውቁ፥ እኔም አላውቅ።

ትርሲት አንዲት ልጄ ናት። የሳጉሬ ት/ቤት መምህርት። ከዓመታት በፊት አእምሮዋ ታሞ ነበር፤ የሌለ ድምፅ ትሰማ፥ ከግድግዳ ጋር ትጣላ ነበር። ጸበልም ሐኪም ቤትም ወሰድኋት፤ ሁለቱን አላጣላሁም። ሐኪሞች በሰጧት ክኒን ልቧ ተመለሰ። አስተማረች። አገባች። አሁን በልማዳችን ለመታረስ ከእኔ ዘንድ ናት። እናቷ ዐርፋለች፤ ገንፎውን የምታገነፋላት ጎረቤታችን ፋጡማ ናት።

ማክሰኞ፥ ኅዳር 23። ከቀኑ 8 ሰዓት።

እንግዳ መጣ። ዶ/ር ለሚ ይባላል፥ ከሆስፒታሉ። ወጣት ነው፥ ትሑት፤ በአማርኛው ውስጥ ኦሮምኛው ይሰማል። ጫማዬን ደጅ ካላወለቅሁ ብሎ አስቸገረ። ምርምር ይዟል፦ የትርሲትን ዓይነት ክኒን በእርግዝናቸው ወራት የወሰዱ እናቶች አንጎሉ የጎደለ ልጅ መውለዳቸው ከሌሎች ይበልጥ እንደ ሆነ። ጥርጣሬ አለ፥ ማስረጃው ግን አልጸናም አለ። ይህንንም ደግሞ ደጋግሞ አለ፤ እመሰክርለታለሁ። እኛን ያገኘን በትርሲት ካርድ ነው። ካርዱ ክኒኑን በየወሩ እንደ ወሰደች ይናገራል።

ባሏ ግርማም ነበር፤ ከሳጉሬ አሰላ ሚኒባስ የሚነዳ ደግ ልጅ ነው። ሲጠየቁ ሁለቱም ወለሉን እያዩ በአጭር በአጭሩ መለሱ። በመጨረሻ ጠያቂዋ እርሷ ሆነች።

«እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ለአንድ ሰው እንዲህ ነው ብሎ መናገር አይቻልም፥ ትርሲት። ሊሆን ይችላል፥ ላይሆንም ይችላል።»

የፊተኛይቱን ብቻ ሰማች። ፊቷ ላይ አየሁት።

አመስግኖን ሄደ። ልጄ በወረቀቱ ላይ አንዲት ጭረት ሆና አብራው ሄደች። እንዲህ ማሰቤ ኃጢአት ከሆነ ይጻፍብኝ።

ኀሙስ፥ ኅዳር 25። ማታ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። በስልክ በስልክ እየተላላኩት ነው፦ ይህ ክኒን የሕፃናትን አንጎል እንደሚያፈርስ በጥናት ተረጋገጠ።

ተረጋገጠ!

ማስታወሻዬ ሆይ፥ በጉባኤ ቤት ዕድሜዬን የፈጀሁት አንድም እያልሁ ነው። አንድ ቃል እንዲህ ይፈታል፤ አንድም እንዲህ ይፈታል። ተማሪ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ ቢነሣ፥ ተቀመጥ፥ ገና አላለቀም እለዋለሁ። ያ ወጣት ሐኪምም ያደረገው ይህንኑ ነበር። ከተማው ግን አንደኛውን ፍቺ ይዞ ተነሣ። ተቀመጥ የሚለው የለም።

ከቀትር በኋላ ወ/ሮ ብርቄ ከሳጉሬ መጣች። የግርማ እናት፥ የትርሲት አማት፤ በእህል ንግድ ስሟ የታወቀ። ነጠላዋን ሳታወርድ ጀመረች።

«መሪጌታ፥ ልጅዎን መርዝ ሲያበሏት ኖሩ እኮ! የልጅ ልጄን አንጎል በገዛ እጅዎ!»

ሐኪሙ የተናገረውን ላስረዳት ሞከርሁ።

«ሐኪሙማ ምን ይበል! ራሱ የሰጣትን ራሱ መርዝ ነው ይበል?»

ከእንግዲህ ትርሲት ያን ክኒን ብትነካ ልጁን ነጥቃት ሳጉሬ እንደምትገባ፥ ግርማም እንደማይመለስ ተናገረች። ግርማ የሚኒባሱን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ትርሲት ክኒኑን ከራስጌዋ አንሥታ ለአማቷ ሰጠች፤ ወ/ሮ ብርቄም በመሐረቧ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

እኔስ? እኔ ቆሜ አየሁ።

እሑድ፥ ኅዳር 28። ከሰዓት።

ክኒኑ ከተወሰደ ወዲህ ትርሲት እንቅልፍ የላትም። ይህን መንገድ አውቀዋለሁ፥ ቀድሞም ሄደንበታል። መጀመሪያ እንቅልፍ ይሄዳል፥ ቀጥሎ ምግብ፥ ቀጥሎ እርሷ።

ዛሬ የሕፃኑን ጆሮ በጥጥ ደፈነችው። ምን ሆነሻል ብላት፥ እንዳይሰማ ነው አለች። ምን እንዳይሰማ?

«ስለ እሱ የሚሉትን፥ አባባ።»

በቤቱ ውስጥ የሚናገር አልነበረም። ከቤቱ ውጪ ግን ከተማው በሙሉ ይናገራል። ከሁለታችን ማን እንደሚሳሳት ለጊዜው ጠፋኝ።

ፋጡማ ድስቷን ልትወስድ መጥታ በደጄ ተቀመጠች። ስትቆጣ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ወላሂ የእናንተ ነገር አይገባኝም፥ መሪጌታ። ያኔ ጣለችው ብላችሁ እልል፤ አሁን ወሰደችው ብላችሁ ዋይ!»

ያኔ መቼ? አልኋት።

«በነነዌያችሁ ነዋ! እርስዎ ደሴቱ ገዳም ገብተው። እልልታችሁ ዶሮዎቼን በታትኖብኝ! ሰርግ መስሎኝ ብወጣ፥ ትርሲት መድኃኒቷን ጣለች፥ ዳነች አሉኝ። እኔም ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ማሻ አላህ አልሁ። ሰው እንዲያ ሲደሰት ምን ይባላል?»

መቋሚያዬን ይዤ ተነሣሁ። መልሼ ተቀመጥሁ። እውነት ነው፤ ከነነዌ ጾም እስከ ትንሣኤ በሐይቁ ደሴት ባለው ገዳም በሱባኤ ነበርሁ። ልጅህ ደኅና ናት የሚል መልእክት ብቻ ይደርሰኝ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የእስላሟ ዶሮዎች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ያልሰማን እኔና ሐኪሙ ነን።

ሰኞ፥ ኅዳር 29።

ግርማን ጠርቼ ከትርሲት ጎን አስቀመጥሁት። በፋጡማ የሰማሁትን ነገርኋቸው። መጀመሪያ ያለቀሰው እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወ/ሮ ብርቄ የልጅ ልጅ እንድታይ ተሳለች፤ ስለቱም ትርሲት ክኒኑን ትታ ጸበል እንድትገባ ነበር። በነነዌ ሱባኤ ገባች። በመጨረሻው ቀን በጸበሉ ደጅ በሕዝቡ ፊት ቆማ መሰከረች፥ ክኒኖቹንም ከፍ አድርጋ አሳይታ ጣለች። እልልታ ሆነ። ሴቶቹ እየተሻሙ ሳሟት፤ ነጠላቸውን መሬት ላይ አንጥፈውልኝ ነበር፥ አባባ፥ አለችኝ። ታማ ከነበረችበት ዘመን ጀምሮ ሰው እንዲያ ሲደሰትባት የመጀመሪያዋ ነው።

በቅበላው ሰሞን ፀነሰች። ዐቢይ ጾምን በሙሉ፥ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ፥ አንዲት ፍሬ ክኒን አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲያ ድምፆቹ ተመለሱ። ግርማ ፈርቶ ሆ/ል ወሰዳት፤ እርግዝናዋም ያን ጊዜ ታወቀ፥ ክኒኑም እንደገና ተጀመረላት። ለእኔ የነገረኝ የለም። ክኒኑን እንዳትተዪ እርስዎ ብለዋት ነበርና አፈርን አሉ።

ታዲያ ካርዱስ? በየወሩ ወሰደች ይላል።

«የምቀበለው እኔ ነበርኩ፥ አባባ» አለ ግርማ። «ክኒኑን የምትሰጠው ነርስ ለትርሲት እንደ እኅት ነበረች። ደውላም ትጠይቃለች። ትታዋለች ብላት ታዝናለች ብዬ… እየሄድኩ እፈርምና እቀበላለሁ። ቤት አምጥቼ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠዋለሁ።»

ነርሷ እንዳታዝን!

ይህን ሕዝብ ይሉኝታው ነው የሚገድለው። ሐኪሙን ላለማሳፈር መድኃኒት ይቀበላል፤ ቄሱን ላለማሳፈር መድኃኒት ይጥላል። ከሁለቱም ቤት ተመርቆ ይወጣል።

ረቡዕ፥ ታኅሣሥ 1። ሆ/ል ደርሼ መጣሁ።

ዶ/ር ለሚ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሁሉን ከነነዌ ጀምሬ ነገርሁት። እያቋረጠ የበዓላቱን ቀን አስቆጠረኝ፤ ከዚያም እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

አስረዳኝ። የሕፃን ራስና አከርካሪ የሚገጥመው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፥ እናቲቱ መፀነሷን እንኳ ሳታውቅ። ስለዚህ የእኛ ልጅ ጉድለት የመጣው ጾሙ ሳይጋመስ ነው። ያን ጊዜ በትርሲት ሰውነት ውስጥ ክኒን አልነበረም። በኋላ የወሰደችው ደግሞ የገጠመውን ተመልሶ አይከፍትም።

ይህ ክኒኑን ነፃ ያወጣዋልን? አልሁት። አያወጣውም አለ። የአንድ ልጅ ነገር ክኒኑን አይከስስም፥ አያጸድቅምም፤ ምርምሩ ይቀጥላል። በዚህ ልጅ ላይ ግን ክኒኑ አልደረሰም፤ ይህን በሙሉ አፌ እናገራለሁ አለኝ። ቀጥሎ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ተናገረ።

«ካርዱ ወስዳለች ይላል። ውጣለች አይልም። እኔ የሰበሰብኳቸው እናቶች ሁሉ በካርድ ነው። ስንቶቹ ናቸው ነርሷን አፍረው የተቀበሉ?»

ደነገጠ። አዘንሁለት፤ ጥቂትም ደስ አለኝ። ለደስታዬ ንስሐ ያስፈልገኛል።

ታዲያ ምን አመጣው? ብዬ ጠየቅሁ። ብዙ ጊዜ አይታወቅም አለ፤ በደጋው አገራችን ግን ከምግብ የሚገኝ አንድ ቫይታሚን ማነስ ይህን ጉድለት እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፥ ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ሊወስዱት ይገባል። ዐይኔን ሳያይ ነው ይህን ያለው። ገባኝ።

«ጾሙ ነው ልትለኝ ነው?»

«አላልኩም፥ መሪጌታ። ጎመኑም ባቄላውም የጾም ምግብ ነው፥ ቫይታሚኑም ያለው እዚያው ነው። በደንብ አለመብላት ነው ያልኩት።»

ትርሲት በሱባኤውና በጾሙ ከጥሬ ሽምብራ በቀር እምብዛም አልቀመስሁም ማለቷን አልነገርሁትም። ደጅ ላይ ደርሼ ተመለስሁና ነገርሁት። እውነት ለእኔ ሲመች ብቻ የምትነገር ከሆነ ምኑን ሽማግሌ ሆንሁ?

አዲስ ክኒን ሰጠኝ። ጡት እያጠባች መውሰድ ትችላለች፥ ከክርስትናው ግን አታሳልፉ አለ። ካሳለፍን ጭራሽ ትታመማለች፤ ሕፃኑም ለቀዶ ሕክምናው ያለ እናት ይሄዳል።

ዓርብ፥ ታኅሣሥ 3።

ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄድሁ። ልመናዬ ትንሽ ነበር፦ ትርሲት በጸበሉ ደጅ ድኛለሁ ብላ መሰከረች፥ አልዳነችም፤ እንግዲህ ሕፃኑን የጎዳው ክኒኑ እንዳልሆነ፥ ጸበልና መድኃኒትም እንደማይጣሉ በዚያው ደጅ ይነገርላት።

ምስክርነት የዳነ ሰው ነው የሚሰጠው አሉኝ። ያልዳነው ለማን ይናገር? አልሁ።

«መሪጌታ፥ ሕዝቡን አያውኩብኝ። ጸበሉ ከታማ ማን ይመጣል?»

«ጸበሉ ክኒን ጣሉ አላለም፥ አባታችን። ውኃው አፍ የለውም። የተናገርነው እኛ ነን።»

ሳቅ አሉ። እርጅና ነው አሉ። በዚህ ዕድሜዎ የመምህርነት ወንበርዎን ማወክ ምን ያደርግልዎታል ብለውም በትሕትና መከሩኝ። እጃቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ልማድ ነው። ከንፈሬ መረረኝ።

ሰኞ፥ ታኅሣሥ 6።

ትርሲት ጥቂት የረጋች ሲመስለኝ የሐኪሙን ቃል ነገርኋት። ክኒኑ አይደለም፥ ልጄ። አንቺ አይደለሽም። እንዴት ያለ የምሥራች የያዝሁ መስሎኝ ነበር!

ሰማችኝ። አሰበች። ድምፅዋ የመምህርት ድምፅ ሆነ።

«እንግዲያው መተዌ ነዋ። ጥሬ ቆርጥሜ፥ መድኃኒቴን ጥዬ። ወስጄም እኔ፥ ትቼም እኔ። አባባ፥ እኔ ያልሆንኩበትን መንገድ ያሳዩኝ።»

ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፥ እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም እያልሁ፥ ዕድሜ ልኬን አስተምሬአለሁ። ለልጄ ግን የምላት አጣሁ።

ወ/ሮ ብርቄ ለክርስትናው ድግስ ሽሮና ምስር ይዛ መጥታ ነበር። ስለቱን አነሣሁባት። ፊቷ ዐመድ መሰለ። ከዚያ እኔ ክፉ አስቤ ነው? አለች፥ የልጅ ልጅ ብመኝ፥ ለፈጣሪ ብሳል? ቀጥላ ደግሞ ይህ ነገር ሳጉሬ እንዳይሰማ አለችኝ። ልጁን ትታ ስሟን ያዘች። ምስሩ ግን ከሰፌዱ ፈሰሰባት፥ ጎንበስ ብላ ስትለቅም ቆየች።

ማክሰኞ፥ ታኅሣሥ 7። 11 ሰዓት።

ክኒኑን በአንድ እጄ፥ ውኃውን በሌላው ይዤ ከአልጋዋ አጠገብ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ዛሬ ታዘዘኝ። ግርማም ተንበረከከ፤ እናቱ ከበሩ ላይ እያየችው። ልጁን ይዘሽ ብትሄጂ እኔ አልከተልሽም አላት እናቱን፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቃውሟት። ወ/ሮ ብርቄ ከደረቷ መሐረቡን አውጥታ እንደ ተቋጠረ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ትርሲት ሁላችንንም አየችን።

«እዚህ አልውጥም። ስጥለው እልል ያሉልኝ ሴቶች ስውጠው ይዩኝ። ነገ አርባ ቀኔ ነው፥ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ። እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ እውጣለሁ። ዝም ይበሉ ግድ የለም። ግን ይዩኝ።»

ሕመሟ ነው የተናገረው ልል ነበር። አይደለም። በዚህ ጾም ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ልባም የሆነው ይህ ነው።

ስለዚህ ቆርጫለሁ። ነገ ሕፃኑ ከተጠመቀ በኋላ በጸበሉ ደጅ፥ ልጄ በቆመችበት ስፍራ ጎን እቆማለሁ። ፈቃድ አልጠይቅም። በነነዌ ምን እንደ ጣለች፥ በቅበላ እንደ ፀነሰች፥ እኛ ሁላችን ምን እንዳልን እናገራለሁ። እርሷም ትውጣለች። ወንበሬን ቢወስዱት ይውሰዱት፤ እግሩ ሲነቃነቅ ቆይቷል።

ረቡዕ፥ ታኅሣሥ 8። ሳይነጋ።

ሕፃኑ ታጥቧል። ትርሲት የራሱን ከረጢት በንጹሕ ጥጥ ደግፋ ጠቀለለችው። ዛሬ ፊቱን አየችው፤ ቅንድቡን በአውራ ጣቷ አስተካከለችለት። የግርማ ሚኒባስ ደጅ ላይ ያጓራል። ወ/ሮ ብርቄ ከኋላ ወንበር ገብታለች፥ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ። ፋጡማ ከአጥሩ ውጪ እቆማለሁ፥ እልል የሚል ከጠፋ እኔ አለሁ ብላለች።

ክኒኑ በቀኝ ኪሴ ነው፥ ከመስቀሌ ጋር።

«አባባ፥ ይዘውታል?» አለች ከበሩ።

ይዤዋለሁ።

እንግዲህ ይህን ማስታወሻ ከእኔ በኋላ የምታነብ ሆይ፥ እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ። ልጆችህ ምሉዓን ሆነው ይወለዱልህ፤ የጎደለ ቢወለድም የሚያቅፈው ክንድ አይጥፋ። በቤትህ የታመመ ቢኖር፥ ደጅህን የሚረግጥ ሰው ሁሉ እልል ከማለቱም ዋይ ከማለቱም በፊት ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ይሁን። አሜን።